የአሥረኛ ዲ ልቦች

የተናኘወርቅ ድምፅ ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። ማስተማር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ቲቸር፣ አልሰማንም!» ሳይሉ ያለቀ ክፍለ ጊዜ ግን የለም። ዩኒቨርሲቲ እያለችም እንዲሁ ነበረች፤ መልሱን እያወቀች እጇን ሳታወጣ አራት ዓመቷን ጨርሳ ወጣች። ጎፋ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እንድታስተምር መደቧት። ሰው ሲያነጋግራት ዐይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ስለ ልብና ስለ ሳንባ ስታስረዳ ብቻ ሳታውቀው ቀና ትላለች።

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የደም ዝውውር ምዕራፍ ሲደርስ፣ ከማውራት ማሳየት ይሻላል ብላ በጠዋት ቄራ ወረደች። የምትገዛው ሁለት የበሬ ልብ ነው፤ አንዱን ከክርስቲያን ሉካንዳ፣ አንዱን ከአብዶ ሥጋ ቤት። ዓምና አንድ ልብ ብቻ አምጥታ፣ የክፍሉ እስላም ልጆች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ቀሩ። ምክንያቱን ማንም አልነገራትም፤ እሷም ለመጠየቅ አፈረች። የክርስቲያን ቢላ ያረፈበትን ሥጋ ነክተው ወደ ቤት መግባት እንደከበዳቸው የገባት ክረምት ከገባ በኋላ ነው።

«ቲቸር፣» አላት አብዶ ልቡን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ «ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሰነጥቂያቸው የትኛው ደግ እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ።»

«ሁለቱም ያላቸው አራት አራት ክፍል ነው፣» አለች ጫማዋን እያየች።

«አራት ክፍል! እኔ ስምንት ቤተሰብ ይዤ ባንድ ክፍል እየኖርኩ? በሬው በለጠኝ በይኛ!»

ክፍል ውስጥ ሁለቱን ልቦች በሁለት ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ለሁለት ተከፈሉ። በምላጭ የግራውን ግድግዳ ሰንጥቃ፣ ውስጡ ያሉትን ስስ ሽፋኖችና እንደ ክር የሚወጥሯቸውን ጅማቶች በጣቷ አነሳች።

«እነዚህ በሮች ናቸው። ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፈቱት። ደሙ ወደፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፤ ልመለስ ሲል ይዘጉበታል። ደረታችሁ ውስጥ የምትሰሙት ድምፅ የበሮቹ መዘጋት ነው። ዱም፣ ታ። ዱም፣ ታ።»

ዚነት የምትባል ቀልቃላ ልጅ ከራሷ ጠረጴዛ ተነሥታ ወደ ሌላው ሄደች፤ አጎንብሳ አየች፤ ተመልሳም የራሷን አየች። «ያው ነው እኮ!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተናኘወርቅም ሳቀች።

በማግስቱ ከቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን አንድ አሮጌ የልብ ማዳመጫ አወጣች። አርባ አንዱም ተማሪ ልቡ እንዲቆጠር፣ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ሮጦ እንዲመለስ፣ እንደገና እንዲቆጠር አደረገች። ውጤቱን የጻፈችው ጥቁር ሽፋን ባለው ወፍራም ደብተር ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ተቀምጦ፣ ሮጦ፣ ማስታወሻ። ዕድሜ የጨመረችው የልብ ምት በዕድሜ ስለሚለያይ ነው። ሌላ ነገር አላሰበችም።

ከሁሉም ያስደነቃት ሁንዴሳ በንቲ ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፤ ትምህርት የጀመረው ከብት ጠብቆ ሲያበቃ ነው። ቤተሰቦቹ ከጎፋ ቁልቁል ወንዙ ዳር የሚኖሩ የጥንት ገበሬዎች ናቸው፤ መሬታቸው በቤት ተበልቶ ቢያልቅም አራት ላም ቀርቷቸዋል። ሁንዴሳ በየጠዋቱ ወተት ለየደንበኛው አድሎ፣ ባዶ ጣሳውን ይዞ ክፍል ይገባል። ተቀምጦ የልቡ ምት ሃምሳ ሁለት ሆነ። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ተኝቷል ወይስ ሞቷል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ላሞቹ ናቸው ያስለመዱኝ፣» አለ ሁንዴሳ እየሳቀ። «ሲቸኩሉባቸው ወተት ይከለክላሉ።»

ቀጥሎ ተራው ከጎኑ የሚቀመጠው የከድር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፤ ሲሮጥ ሁልጊዜ መጨረሻ። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኖረችና ቆየች። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቆየች። በ«ዱም» እና በ«ታ» መካከል አንድ የሚነፋ ድምፅ አለ፤ በር ሳይገጥም ሲቀር ነፋስ በስንጥቁ የሚገባ ዓይነት። ማስታወሻው ላይ «በሁለቱ ድምፆች መካከል የሚነፋ ድምፅ። ሐኪም ይየው።» ብላ ጻፈች።

ከድርን ሆስፒታል የወሰደችው እናቱ ሙፊዳ ናት፤ ጎፋ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት። ስትመለስ ትምህርት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«በሩ አይገጥምም አሉኝ ቲቸር፤ አንቺ እንዳልሽው። በልጅነቱ ጉሮሮው ሲታመም ቆይቶ ነው አሉ። እኔ እኮ በአራት ዓመቱ እንጥሉን አስቆርጬዋለሁ! እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ ጉሮሮውን አያመውም ተብዬ፤ በኋላ ሲያመው እንኳ ሌላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጉልበቱ ሲያብጥ ብርድ ነው አልኩ። ጉሮሮና ጉልበት ከልብ ምን አገናኛቸው?»

«ሁሉም የተያያዘ ነው፣» አለች ተናኘወርቅ። «እርስዎ ምን ያድርጉ? የነገረዎት ሰው የለም።»

በየወሩ መርፌ እንዲወጋ ታዘዘለት። እንዳይሮጥ፣ ከባድ እንዳይሸከም ተነገረው። ካርዱ ሆስፒታል ቀረ፤ እሱ እጅ ላይ ያለው ቀን የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት።

የካቲት ላይ አፈሳው ጎፋ ደረሰ። ለሰሜኑ ጦርነት ሰው ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ ቀበሌ ስንት እንደሚያዋጣ ተነግሮታል። ከከተማው ዳር ፉሪ ዘመድ ያለው ወደዚያ ተሻገረ፤ የሌለው ቤቱ ተደበቀ። ከድር መርፌውን ተወግቶ ሲመለስ ከአውቶቡስ እንደወረደ ያዙት። ቁራጯን ወረቀት አሳያቸው። የቀበሌው ጥበቃ «ይሄ ቀን ነው እንጂ በሽታ አይደለም፣» ብሎ መለሰለት።

ሙፊዳ መቀነቷ ተፈትቶ እየተጎተተ ትምህርት ቤት ስትደርስ ተናኘወርቅ ፈተና እያረመች ነበር።

«ያንቺን ወረቀት! ያን የጻፍሽውን! ሐኪሙ ጋ ሄጄ ካርዱን እስካስወጣ በመኪና ይጭኑብኛል። ነገ ጠዋት ነው የሚሄዱት። ወላሂ እግርሽ ላይ ልውደቅ—»

«ይተዉ፣ ይተዉ፣ እሄዳለሁ፣» አለች። ጥቁሩን ደብተር ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

የቀበሌው ግቢ በእናቶች ተሞልቷል። የተያዙት ልጆች አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ በመስኮቱ ፍርግርግ ጣት ብቻ ይታያል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ንጋቱ ቢሮው ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ይዟል። ከጎኑ ድሬሰር ቸኮል ተቀምጧል፤ ምልምሎችን መርምሮ «ብቁ» እያለ የሚፈርመው እሱ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ዐይኑን ከወረቀት አያነሣም። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የልጆቹን ልብ የሚያዳምጠው ጃኬታቸውን ሳያስወልቅ እንደሆነ በመስኮቱ ያዩ እናቶች ሲያወሩ ገና ስትገባ ሰምታለች።

«ጓዲት፣ ተናገሪ እንጂ!» አለ ጓድ ንጋቱ። «ትንኝ ነው ወይስ ሰው ነው የምሰማው?»

«ከድር የሚባል ተማሪዬ... ልቡ...»

«ልብ የሌለው አልያዝንም። ቸኮል፣ ልብ የሌለው አለ?»

ቸኮል መፈረሙን ቀጠለ። ተናኘወርቅ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የከድርን መሥመር በጣቷ አሳየች። ለቸኮል አንድ በአንድ ነገረችው፤ ድምፁ የት እንደሚሰማ፣ መቼ እንደሚሰማ። ቸኮል አነበበና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«እንደዚህ ከሆነ ማሠልጠኛው ይመልሰዋል፣» አለ ቀስ ብሎ።

ጓድ ንጋቱ ፊቱ ተለወጠ። ባለፈው ዙር ከላካቸው ሦስቱ ታመው ተመልሰውበታል፤ «ሬሳ ነው የላክህልን» ተብሎ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ተዘልፏል። ደብተሩን ወደራሱ ሳበ።

«ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ? ለሁሉም ልጅ?»

«አዎ። ለአርባ አንዱም። ያዩታል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ከድር ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጣቱን በመሥመሮቹ ላይ ቁልቁል አወረደና አንዱ ላይ ቆመ። «ይሄ ሃምሳ ሁለት የሚለውስ? የሌሎቹ ሰባና ሰማንያ ነው። ይህኛውም ታሟል ማለት ነው?»

«የለም፣ የለም!» አለች ተናኘወርቅ፤ ሳታውቀው ቀና ብላለች። «እንዲያውም ከሁሉም የበረታው ልብ የእሱ ነው። ጠንካራ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። ሮጦ ሲመለስ ይመልከቱ፤ እዚህ ጋ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሳንባውም ቢሆን—» ክፍል ውስጥ ያለች መሰላት። ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ሁልጊዜ ደስ ይላታል።

ጓድ ንጋቱ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ ለጥበቃው ምልክት ሰጠ። ከድር አዳራሹ ውስጥ ተጠርቶ ወጣ፤ ጫማው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሙፊዳ ግቢው መሐል አቅፋው ጮኸች።

«ደብተሩ እስከ ነገ እኔ ዘንድ ይቆይ፣» አለ ጓድ ንጋቱ። «ልጁን ለምን እንደለቀቅሁ ለከፍተኛው የማሳየው ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«እሺ፣» አለች ተናኘወርቅ። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ደግሞ «አመሰግናለሁ» አለችው።

ያቺ ቃል ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ምላሷ ላይ እንደ ሬት መረረቻት።

በማግስቱ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው፤ ርእሱ ኩላሊት ነበር። ሁለት ጥበቃዎች መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ሳያንኳኩ ገቡ። አንዱ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ።

«ሁንዴሳ በንቲ። አሥራ ዘጠኝ። ሃምሳ ሁለት።»

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ጥበቃው አያውቀውም፤ ያለውን ነው ያነበበው። ክፍሉ ግን አወቀው። የአርባው ልጅ ዐይን ወደ ተናኘወርቅ ዞረ። እሷ ጠመኔ እንደያዘች ቆማለች። አፏ ተከፍቷል፤ ድምፅ አልወጣም። ለሦስተኛው ዴስክ አይደለም፤ ለአንደኛውም አልወጣም።

ሁንዴሳ ተነሣ። ዴስኩ ሥር ያለውን የወተት ጣሳ በእግሩ ወደ ከድር ገፋ አደረገው።

«ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ፣» አለው። ወደ እሷ አላየም።

ከወጡ በኋላ ትንሽ ቆማ ጠመኔውን ጣለችና ሮጠች። ሮጣ የማታውቅ ሴት ከጎፋ ዳገት ወርዳ ቀበሌው ስትደርስ የገዛ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደበድባል። መኪናው የለም። ግቢው ባዶ ነው። ጓድ ንጋቱ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ዋሹኝ!»

ድምፁ ከእሷ መውጣቱ ለራሷም አስደነገጣት። ጓድ ንጋቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንቺን? ምን ብዬ? ልጁን ጠየቅሽኝ፣ አልሰጠሁሽም?»

«በእሱ ፋንታ ሌላ ልጅ—የኔኑ ተማሪ—በራሴ ጽሑፍ—»

«አሥራ አራት አምጣ ተብያለሁ። አሥራ ሦስት ይዤ ሄጄ፣ አሥራ አራተኛው እኔ ልሁን? ጓዲት፣ ተምረሻል፤ እስቲ ንገሪኝ። ከድርን ይዘሽ ስትወጪ ቦታውን ማን የሚሞላው መስሎሽ ነበር? ግንቡ?»

እውነት ነው፤ አላሰበችውም። ስለ አንድ ልብ ብቻ አስባ፣ የአርባውን ልብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሄዳለች። ንዴቷ መሄጃ አጥቶ ወደ ራሷ ዞረ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደዚህ ሻይ ወደሚጠጣ ሰውዬ ዞረ፤ እዚያው ቆመ።

«ደብተሬን ይስጡኝ።»

«ውሰጂ። ሥራውን ጨርሷል።» በአንድ ጣቱ ገፋላት። «እንዲያውም ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ቸኮል አርጅቷል፤ የተጻፈ ነገር ይሻላል። ሚያዝያ ላይ ሌላ ዙር አለ። ያን ጊዜ አዲስ ቆጥረሽ ታመጪልኛለሽ። ይሄ ልመና አይደለም።»

ቸኮል ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ቀና አላለም።

ደጅ ወጥታ ደብተሩን ገለጠች። በቀይ እርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ከሁንዴሳ ስም ጎን ቁጥር አንድ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እስከ ስምንት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ናቸው፤ የተደረደሩትም ከዝቅተኛው የልብ ምት ወደ ከፍተኛው ነው። ሰውየው ትምህርቱ በደንብ ገብቶታል። ከክፍሏ ተማሪ ሁሉ ጎበዙ እሱ ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን የሁንዴሳ እናት ገዲሴ መጣች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ የወተት ጣሳውን ይዛለች። ተናኘወርቅ ወደ እሷ ስትሄድ ሙፊዳ በሌላ በኩል ደረሰች፤ ለምስጋና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ። ሙፊዳ ወሬውን ገና አልሰማችም ነበር፤ ልጇ ደፍሮ አልነገራትም። ገዲሴን ከነጣሳዋ ባየች ጊዜ ገባት። ለዓመታት ወተት የምትገዛው ከዚያች ጣሳ ነው።

«ልጄን ጤነኛ ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለች ገዲሴ።

«አዎ።»

«ውሸት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ። ያጠባሁት እኔ ነኝ።» አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሦስት ልጅ ቀብሬ ነው እሱ የተረፈልኝ። ጉንፋን እንዳይነካው፣ ርቦት እንዳያድር፣ ጠብቄ ጠብቄ አሳደግሁት። ለማን እንደምጠብቀው ሳላውቅ።»

«ገዲሴ...» አለች ሙፊዳ። ቅቤው እጇ ላይ ከበዳት።

«አንቺን ምን እላለሁ? ልጅሽን ነው ያወጣሽው። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።» ወደ ተናኘወርቅ ዞረች። «አንቺ ግን የሁለቱም አስተማሪ ነሽ።»

ጣሳውን አንጠልጥላ ቁልቁል ሄደች። ሙፊዳ ቅቤውን አልሰጠችም፤ ይዛውም አልተመለሰችም። ገዲሴን ተከትላ፣ ከኋላዋ አሥር እርምጃ ርቃ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሄደች።

ሚያዝያ ሲገባ ጥበቃው የሊቀ መንበሩን መልእክት አመጣ፤ ደብተሩ ዓርብ ይፈለጋል። ተናኘወርቅ ረቡዕ ጠዋት ልጃገረዶቹን አሰናብታ ወንዶቹን አስቀረች። በሩን ዘጋች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከሥዕል ሣጥን ያወጣችውን የሰው አካል ሥዕል ሰቀለች፤ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት፣ ሥርዓቱ ሁሉ በየቀለሙ።

«ዛሬ ክለሳ ነው፣» አለች። «የአካል ሥርዓቶች። በደንብ ስሙኝ፤ ይህ ለፈተና አይደለም።»

መጀመሪያ ከድርን ወደፊት አውጥታ ሸሚዙን አስወለቀችው። ማዳመጫውን ከልጅ ወደ ልጅ አሳለፈች። እያንዳንዱ የሚነፋውን ድምፅ ሰማ። ከድር ጣሪያውን እያየ ቆመ፤ ሁንዴሳ ከተወሰደ ወዲህ ከሰው ጋር አያወራም።

«ይህ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሁሉም ከሆነ አያምኑም። ስለዚህ እንከፋፈላለን።» ዱላዋን ሥዕሉ ላይ አኖረች። «አህመድ፣ ያንተ መተንፈሻ ነው። አስም። ሲይዝህ አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት ነው የሚቸግርህ፤ ደረትህ ያፏጫል፤ ሌሊት ይብስብሃል። አሳየኝ። አይደለም፤ ትከሻህን አንሣ። እንደገና። ውዳሴ፣ ያንተ ሥርዓተ ነርቭ። የሚጥል በሽታ። ከመውደቅህ በፊት ሽታ ይሸትሃል፤ ከነቃህ በኋላ ምንም አታስታውስም። ምንም! ሲጠይቁህ ይህን አስታውሳለሁ ካልክ አለቀልህ።»

ቀዩ እርሳስ ከነካቸው የቀሩት ሰባት ልጆች፣ ሰባት ሥርዓት። ለአንዱ ኩላሊት፤ ፊቱ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ለአንዱ ጨጓራ፤ ደም ያስመልሰዋል። ለአንዱ ጆሮ፣ ለአንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ። ለመጨረሻው የከድርን ልብ ሰጠችው፤ ልጅ እያለ የጉሮሮ ሕመም፣ ከዚያ ጉልበት ማበጥ፣ ከዚያ ዳገት ሲወጣ መታፈን። ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስባለችው። ቸኮል ልብስ ሳያስወልቅ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ከጆሮው ይልቅ የሚያምነው የሚነገረውን ነው። አውቆም ከሆነ ዝም ማለት ለምዶበታል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለደግ ነገር ዝም ይበል።

«ቲቸር፣» አለ አህመድ እያፏጨ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አጥንተን ጤና ላይ አንድ ምዕራፍ የለም ማለት ነው?»

ጥቂቶች ሊስቁ ጀመሩ። እሷ አልሳቀችም።

«ጤና ያለው ተወስዷል፣» አለች። «ከኋላ ያላችሁ፣ ትሰማላችሁ?»

«እንሰማለን ቲቸር!»

ይሰማሉ። ድምፅዋ ከመጨረሻው ዴስክ አልፎ፣ ግድግዳው መትቶ፣ ተመልሶ ወደ እሷ ይመጣ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። አሮጌውን ደብተር ቀዳድዳ ቤተ ሙከራው ውስጥ ካቃጠለችው ቆይቷል። አዲሱን ገለጠች፤ መሥመሩን በዚያው ቀይ እስክሪብቶ አሰመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ተቀምጦ፣ ሮጦ፣ ማስታወሻ። በሕይወቷ አንድ ቁጥር ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ ቁጥር በቁጥር፣ ልጅ በልጅ ዋሸች።  የሚያድጉትን ትንንሾቹንም አልተወቻቸውም፤ ከርሞ አሥራ ስምንት ይሞላቸዋል፤ ከአሁኑ አንዳንድ ሕመም ሰጠቻቸው። ከድርን ብቻ እንደነበረ ጻፈችው።

ስሙ በፊደል ተራ መጀመሪያ የሚመጣው ሁንዴሳ ነበር፤ ዘለለችው። ሁሉንም ጨርሳ ወደ እሱ ተመለሰችና ከገጹ ግርጌ አንድ መሥመር ጨመረች። ይህን ስም እዚያ ላይ ማየት ጓድ ንጋቱ ደስ እንደማይለው ታውቃለች። ዓርብ እሷው ራሷ ይዛ ትሄዳለች፤ ጣቱ እዚህ ጋ እስኪደርስ ቆማ ትጠብቃለች።

ሁንዴሳ በንቲ። አሥራ ዘጠኝ። ሃምሳ ሁለት።

ማስታወሻው ላይ ብዕሯን አሳረፈች። ከጤነኞቹ ወንዶች እውነቱን ብትጽፍ የማትጎዳው ይህን ልጅ ብቻ ነው፤ የሚደርስበት ሁሉ ደርሶበታል። ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና ጻፈችው።

«ጤነኛ።»